የሰፈሩ አፋሪ

ከሰባት ወንዝ ማዶ አልላችሁም። ወንዙ አንድ ነው፤ በበጋ ልጅ ይሻገረዋል። ከዚያ ወንዝ ማዶ፣ ቁልቁለት ላይ የተቀመጠ አንድ አገር ነበረ አሉ። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራው “እኛን ነው” ብሎ የሚቀየም አይጠፋም። ተረቱ ሲያልቅም አፌን በዳቦ አብሱልኝ አልልም። ይህ ዳቦ የሚያስበላ ተረት አይደለም።

የዚያ አገር ሰው ጨዋ ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገርላቸው፣ ኋላ ሐሜተኛ እንዳትሉኝ። ሲገናኙ ሰላምታቸው አያልቅም፣ ለቅሶ አይቀሩም፣ የታመመ ይጠይቃሉ። ማኅበርም ነበራቸው። ማኅበሩ አዳራሽ አለው፣ ድንኳን አለው፣ አለቃ አለው፤ ከአለቃው ሥር ደግሞ የጨርቅ ሹም የሚባል አለ፣ እሱን ኋላ እመጣበታለሁ። ስብሰባ ላይ ሰው በሰው አፍ አይገባም። አንዱ ተነሥቶ ይናገራል፣ የቀረው “ልክ ነው” ይላል። ሌላው ተነሥቶ ተቃራኒውን ይናገራል፣ ለእሱም “ልክ ነው” ይሉታል። ማንም ማንንም አያስቀይምም። ይሉኝታ እህል ቢሆን ኖሮ ጎተራቸው ሞልቶ ይፈስ ነበር።

ታዲያ አንድ ልማድ ነበራቸው። በሰፈሩ አንድ ነገር ሲበላሽ፣ ድልድይ ሲሰበር ወይም የምንጩ አፍ ሲደረመስ፣ ማኅበሩ ይሰበሰባል። ተሰብስቦ ግን “ማን ይጠግነው?” ብሎ አይጠይቅም። “ማን ይፈርልን?” ብሎ ነው የሚጠይቀው።

እናንተ ትስቃላችሁ። ሳቁ።

አንድ ሰው ይመረጣል፣ አፋሪ ይባላል። አደባባዩ መካከል አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፣ እዚያ ላይ ይቀመጣል። የጨርቅ ሹሙ ከአዳራሹ ትልቁን ጥቁር ጨርቅ ያወጣና ከራሱ እስከ እግሩ ያለብሰዋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አፋሪው ስለ ሰፈሩ ሁሉ ያፍራል። ከጠዋት እስከ ማታ ያፍራል፤ ሲመሽ ሹሙ ጨርቁን ያነሣለትና ቤቱ ገብቶ ያድራል፣ በማግስቱ ይመለሳል። የቀረው ሰው ቀለል ይለዋል። ትናንት ስለ ድልድዩ ልቡን ይቆረቁረው የነበረ ሰው ዛሬ እንቅልፉን ይተኛል፤ ለምን ቢባል፣ የሚያፍርለት አለው።

ደንቡ ጥብቅ ነው። ጨርቁን ከሹሙ በቀር ማንም አያነሣውም። አፋሪው ቢናገር መልስ አይሰጠውም፤ መመለስ ሐፍረቱን ማቋረጥ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ደንብ ግን ይህ ነው፦ አፋሪ ተቀምጦ ሳለ የተበላሸውን ነገር መንካት ነውር ነው። እሱ እያፈረልን እኛ አካፋ ብናነሣ “ሐፍረትህ አልበቃንም” ማለት አይሆንም ወይ? ይላሉ። ስለዚህ ድልድዩ እንደተሰበረ፣ ምንጩም እንደተደረመሰ ይቆያል። ነገሩ ሲረሳ ወይም ወቅቱ ሲያልፍ አፋሪው ይነሣል፣ ይመረቃል፣ በግ ይታረድለታል። በአንዱ ዓመት የተቀመጠው ሰው ጨርቁ ውስጥ ያንኮራፋ ነበር አሉ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ከንፈሩን ይመጣል። “እንዴት ያለ ሐፍረት ነው፣ ትንፋሹን እንኳ አሳጠረው” ይላል።

የሰፈሩ ዋና ችግር ቦዩ ነበር። አባቶቻቸው ከላይ ከኮረብታው አንሥተው፣ በየቤቱ ጓሮ አሳልፈው፣ እስከ ወንዙ የቆፈሩት ጥሩ ቦይ ነው። ልጆቻቸው ግን አጥር በጠገኑ ቁጥር አጥራቸውን ገፋ ያደርጉ ጀመር። ዘንድሮ አንድ ክንድ፣ ከርሞ ሌላ ክንድ። አንዱ የዶሮ ቤት ሠራበት። አንዷ አመዷን ደፋችበት፤ ጎረቤቷ ያንን አይታ ገለባዋን ጨመረችበት። የማኅበሩ አለቃ፣ አለቃ ቢያድግልኝ፣ የበቅሏቸውን ጋጣ አቆሙበት። ሁሉም የሁሉንም ያውቃል፤ ማንም የማንንም አያነሣም። የጎረቤትህን አጥር ካነሣህ ያንተም ይነሣል እኮ።

ክረምት ሲገባ ውኃው መንገድ ያጣና ከቦዩ ዘሎ ሜዳውን ይዞ ይወርዳል። የሚወርደውም ወደ ታች ቤት ነው። ታች ቤት ያለችው አንዲት ሴት ናት፣ ማንያህልሻል ትባላለች፤ ባሏ ላቀው ይባላል።

ላቀው የታወቀ ቤት ሠሪ ነበር። የማኅበሩን አዳራሽ ጣራ ሲከድን ወድቆ ወገቡን ተሰበረ፣ ከዚያ ወዲያ እግሩ አልታዘዝ አለው። ማኅበሩ ስለ እሱ መውደቅ አንድ አፋሪ አስቀመጠለት፤ ከዚህ የበለጠ ምን ያድርጉለት። መደብ ላይ ተኝቶ ይውላል፣ ምላሱ ግን እንደ ድሮው ነው፣ ነገር ያውቃል፣ ያስቃል። ጎርፉ ሲመጣ ማንያህልሻል በጀርባዋ ታዝለዋለች፤ በመሰላሉ ቆጥ ላይ ታወጣዋለች፤ ውኃው እስኪጎድል እግሩ ሥር ተቀምጣ ትጠብቃለች። እሱም ከላይ ሆኖ “የኔ እመቤት፣ ዛሬ ደግሞ ከየትኛው ቤት የመጣ አመድ ነው?” እያለ ይቀልዳል። እሷ ትስቃለች። ሲተኛ ግን ታለቅሳለች፤ ጉልበቷ በየዓመቱ እየከዳት መሆኑን ታውቀዋለቻ።

በየዓመቱ ስብሰባ ላይ ተነሥታ ስለ ቦዩ ትናገር ነበር። በየዓመቱ “ልክ ነው” ይሏታል። ከዚያ አፋሪ ይመርጣሉ።

አንድ ዓመት ክረምቱ ገና ሳይገባ ሰማዩ ጠቆረ። ማኅበሩ ተሰበሰበ። ማንያህልሻል ተነሣች፣ እንደ ልማዷ ስለ ቦዩ ተናገረች፣ ዘንድሮ ባሌን መሸከም አልችልም፣ ቦዩን ክፈቱልኝ ብላ ለመነች። ሰው ሁሉ የጫማውን አፍንጫ ያያል። አለቃ ቢያድግልኝ፣ ነገሩ በጣም የሚያሳፍር ነው፣ እንግዲህ ማን ይፈርልን? አሉ። ማንም አልወጣም። አንዱ ማሳውን፣ አንዱ ወገቡን ምክንያት አደረገ። እዚህ ላይ ነው የጨርቅ ሹሙ አስረስ የተነሣው።

አስረስ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጨርቁን አጥቦ ማጠፍ ይወዳል፣ ሌላ ሥራ የለውም። የተናገረውም በቅንነት ነው። ስለ ቦዩ ከማንያህልሻል አብልጦ የሚያውቅ በመካከላችን አለ ወይ? አለ። የለም፣ አሉ። ታዲያ ያላወቀ ሰው እንዴት አድርጎ በደንብ ያፍራል? እኛ ብንቀመጥ ግማሽ ሐፍረት ነው፤ እሷ ብትቀመጥ ሙሉ ይሆናል፣ አለ።

“ልክ ነው” አለ ቤቱ በሙሉ።

ማንያህልሻል መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። የተጥለቀለቀው ቤት የኔ፣ የማፍረውም እኔ? ከማን ፊት ነው የማፍረው? አለች። አለቃ ቢያድግልኝ እንደ አባት ለስለስ ብለው መከሯት። ማኅበር የመረጠውን እምቢ ማለት ደግ አይደለም፣ ሰው ምን ይላል? አሉ። በዚያ አገር “ሰው ምን ይላል” ከተባለ በኋላ ክርክር የለም። እሷም የዚያው አገር ልጅ ናት። አንገቷን ደፋች፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

“ዝናቡ ቀን ቢመጣ ላቀውን ማን ያነሣልኛል?”

“ማኅበሩ አለ” አሉ አለቃ ቢያድግልኝ።

“ማኅበሩ አለ” አለ ሰው ሁሉ ተቀብሎ። እንዴት ያለ ደስ የሚል ድምፅ ነበር መሰላችሁ፣ አንድ አፍ የተናገረው ነው የሚመስለው። ማን ግን ብላ አልጠየቀችም፤ መጠየቁ አለማመን ይመስልባታል።

በማግስቱ ጠዋት የላቀውን ምሳ እጁ በሚደርስበት አስቀመጠችለት፣ ውኃውን አጠገቡ አደረገች፣ ጋቢውን አስተካከለችለት። ፊቷ መጥቆሩን አየ። “ሂጂ፣ ለእኔም እፈሪልኝ” አላት፤ “እኔ እንደምታይው ሥራ በዝቶብኛል።” ሳይወዱ ነው የሳቁት። ስትወጣ ጎረቤቷ እቴነሽ ደጇን ትጠርጋለች። እባክሽ አልፎ አልፎ ጎራ በይለት፣ አለቻት። እቴነሽም እቅፍ አድርጋ ሳመቻት። ምን ሆነሻል፣ ማኅበሩ አለ አይደል እንዴ፣ አለቻት።

ማንያህልሻል ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች፣ አስረስ ጨርቁን አለበሳት። ሰው እየመጣ ይሰግዳል። “እግዜር ያበርታሽ” ይላታል። ያን ያህል አክብረዋት አያውቁም። አንዳንዱ ከሩቅ ሲያያት እንባው ይመጣል፤ አልቅሶ ሲጨርስ ወደ ጓሮው ገብቶ አጥሩን ይጠግናል። ቦዩ ጋ የሚደርስ አልነበረም፣ ምክንያቱም አፋሪዋ ተቀምጣለች። የማኅበሩ ሰው እንኳንስ ድንጋይ ሊያነሣ፣ ወደ ቦዩ ማየት ትቶ ነበር።

ዝናቡ መጣ። በምሳ ሰዓት መጀመሪያ ንፋስ፣ ቀጥሎ በረዶ፣ ቀጥሎ ሰማይና ምድር የማይለይበት ውኃ። በአደባባዩ የነበረው ሰው ሮጦ አዳራሹ ጣራ ሥር ተጠለለ፤ አለቃ ቢያድግልኝ፣ አስረስ፣ እቴነሽም እዚያው ነበሩ። ይህ ላቀው የከደነው ጣራ ነው፣ ዛሬም አያፈስም። ማንያህልሻል ብቻ ድንጋዩ ላይ ቀረች፤ አፋሪ በዝናብ አይነሣም። ጨርቁ ረጥቦ ሰውነቷ ላይ ተጣበቀ። በጨርቁ ውስጥ ሆና ምንም አታይም፣ ትሰማለች ግን። ከላይ ከኮረብታው ውኃው ሲጮኽ ሰማችው። ያንን ድምፅ ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

“ላቀው ጋ ማን ሄደ?” አለች።

መልስ የለም። ለአፋሪ አይመለስላታም።

እቴነሽ አስረስን አየችው፤ ሹም ነው፣ ሰው ልኮ ይሆናል ብላ አሰበች። አስረስ አለቃውን አያቸው፤ አለቃ ናቸው፣ ሳያስቡበት አይቀሩም አለ በልቡ። አለቃ ቢያድግልኝ ደግሞ ዙሪያቸውን ተመለከቱ፤ ይህ ሁሉ ሕዝብ እያለ አንድ ሰው ሳይሄድ ይቀራል? አሉ። ማኅበሩ ማነው ብትሉኝ እንግዲህ እነሱ ናቸው፣ ጣራው ሥር ቆመው እርስ በርስ የሚተያዩት።

“ኧረ በፈጠራችሁ፣ ላቀው ጋ ማን አለ?” አለች ደግማ።

አስረስ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሐፍረቷ ዛሬ በረታ፣ አለ። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ።

ያን ጊዜ ተነሣች። በዚያ አገር ታሪክ ጨርቁን በገዛ እጁ የገፈፈ አፋሪ አልነበረም። ሰው ሁሉ አስቀድሞ የፈለገው ፊቷን ማየት ነበር፤ ስለ ሁሉ የሚያፍር ሰው ፊት ምን ይመስላል እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስቡ ኖረዋል። አዩት። ከሐፍረት አንዳች አልነበረበትም፤ የነበረው ፍርሃት ነው፣ ባሏ ብቻውን የቀረባት ሴት ፍርሃት። ያፈረውስ ጣራ ሥር ያለው ሰው ነው፤ አንዱ በጋቢው፣ አንዷ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እሷ ወደ እነሱ አልዞረችም። ጨርቁን በትከሻዋ ላይ እንዳለ እየጎተተች ቁልቁል ሮጠች።

ስትደርስ ውኃው ከመደቡ በላይ ነበር። ላቀው ከመደቡ ወርዶ፣ ያን የማይታዘዝ ገላውን በክንዱ እየሳበ፣ እስከ መሰላሉ ደርሷል። የመጀመሪያውን ደረጃ ይዟል። ከዚያ በላይ መውጣት አልቻለም፤ ፊቱ ሳይቀር ውኃ ውስጥ ነው። ጠራችው፣ አልመለሰላትም። ጣቶቹን ከመሰላሉ ላይ አንድ በአንድ ያላቀቀችው እሷ ናት።

ውኃው ጎድሎ ሰው ሲመጣ እሷ ከፍናው ጨርሳለች።

በቀብር ማን ይብለጣቸው! ድንኳኑ ወዲያው ተተከለ፣ አልቃሹ ደረቱን መታ፣ ላቀውን ያልቀበረ ሰው አልነበረም። አለቃ ቢያድግልኝ ራሳቸው አፈር አለበሱ። በሦስተኛው ቀን፣ ሰዉ ሳስ ሲል፣ አለቃውና አስረስ ማንያህልሻል አጠገብ መጥተው ተቀመጡ። ከዚያ አለቃ ቢያድግልኝ መሬት መሬት እያዩ፣ ማኅበሩ ተቀምጦ መክሯል፣ ስለ ላቀው ሞት አፋሪ መቀመጥ አለበት፣ በዚህ ነገር ሰፈሩ ያልተለመደ ሐፍረት ተሰምቶታል፣ አሉ። አስረስ ቀጠለ። ጨርቁን ሊወስድ ነው የመጣው።

“ጨርቁ የለም” አለች ማንያህልሻል። “ላቀው ለብሶት ሄደ።”

አልገባቸውም መሰለኝ። ቤቱ ውስጥ ያለ ጨርቅ ሁሉ ጭቃ ጠጥቶ ነበር፣ አለች። ትከሻዬ ላይ ያገኘሁት እሱን ነው፤ በርሱ ከፈንኩት። እናንተ ያመጣችሁትን ነጭ ከደጅ ተቀብዬ እላዩ ላይ ደረብኩበት፣ ለዚያ ነው ያላያችሁት።

አስረስ አፉን ይዞ ቀረ። አለቃ ቢያድግልኝ ሊነሡ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። “ታዲያ…” አሉ፣ “ታዲያ አሁን ማን ይፈርልን?”

እዚህ ላይ ሌላ ጨርቅ ለምን አልሸመኑም የሚል ብልህ አይጠፋም። ሊሸምኑ አስበው ነበር እኮ። ግን አዲስ ጨርቅ ለማልበስ አንድ ሰው ላቀው ወደተቀበረበት አፈር ዓይኑን ሳይጥል ወደ ድንጋዩ መሄድ ነበረበት፤ መቃብሩ ደግሞ ከአደባባዩ ይታያል። ማንም አልደፈረም። ሐፍረቱም ተሸካሚ ሲያጣ በየቤቱ ገባ። እቴነሽ ምግብ አልዋጥ አላት፤ ያን ጠዋት ማንያህልሻልን የሳመችበት ከንፈሯ ነው የሚያቃጥላት። አስረስ ባዶ እጁን እያጠፈ ይዘረጋል። አለቃ ቢያድግልኝ በቅሏቸው ጋጣው ውስጥ እግሯን ስትመታ በሰሙ ቁጥር፣ ከጋጣው ወለል ሥር ያለው ቦይ ይታያቸዋል። ስለ ሌላ ማፈር ቀላል ነው፣ በጥላ ተቀምጦ ከንፈር መምጠጥ ነው፤ የራስን ግን የት ያደርሱታል።

አንድ ጠዋት አለቃ ቢያድግልኝ በቅሏቸውን አውጥተው ዛፍ ላይ አሰሩ። ምንም ሳይናገሩ የጋጣውን ግድግዳ ያፈርሱ ጀመር። ማኅበር አልተጠራም፣ ደወል አልተደወለም። እቴነሽ ድምፁን ሰምታ ወጣች፤ አየቻቸው፣ ተመልሳ አካፋ ይዛ መጣች፣ የደፋችውን አመድ ትዝቅ ጀመር። አስረስ የገፋውን አጥር ነቀለ። የዶሮ ቤቱም ፈረሰ። ሰው ከየጓሮው እየወጣ የየራሱን ነቀለ፣ የየራሱን ቆፈረ። ማንም ለማንም “እዚህ ቆፍር” አላለውም፤ ሁሉም የራሱን ቦታ ያውቃል። ላብ እንጂ ወሬ አልነበረም።

እስከ ምሳ አለቀ።

ውኃው ከኮረብታው ወርዶ፣ በየጓሮው አልፎ፣ በማንያህልሻል ቤት አጠገብ ሳይነካት ተሻገረና ወንዙ ገባ። ይህን ያህል ዓመት የፈሩት ሥራ የግማሽ ቀን ነበር። ቦዩ ዳር አካፋቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ ወደ ቤት መሄድም፣ መቆምም፣ እርስ በርስ መተያየትም አልቻሉም። ከኋላ አንዱ፣ ልማድ ሆኖበት፣ “ድር ቢያብር…” አለና ቀሪውን ዋጠው። ያችን ሰዓት የሚያስታውሱ ሰዎች ከቀብሩ ይልቅ ያቺ ሰዓት ትከብድ ነበር ይላሉ።

ያኔ የታች ቤት በር ተከፈተ። ማንያህልሻል ማቅ እንደለበሰች፣ ማሰሮ ውኃ ይዛ ወጣች። በዚያ አገር ደጅህ የሠራ ሰው እጁን ሳታስታጥበው አይሸኝም፤ ደንብ ነው፣ ይህኛው ደግሞ ደግ ደንብ ነው። በዕድሜ ጀመረች። አለቃ ቢያድግልኝ ፊት ቆማ ማሰሮውን አዘነበለች። እጃቸውን ዘረጉ። “ማንያህልሻል፣ እኛ…” አሉ። እሷም ቀሪውን አልጠየቀቻቸውም፤ ታፈሳለች፣ እሳቸው ያሻሉ። ውኃው መጀመሪያ ቡናማ ሆኖ ወረደ፣ ከዚያ ጠራ። እሳቸው ግን ማሸታቸውን አልተዉም፤ የጠራውን እጃቸውን ደግመው ደጋግመው ያሻሉ። ሰዉ ሁሉ ጭቃ እጁን ይዞ ከኋላቸው ቆሟል።

ማንያህልሻል ማሰሮውን ቀና አደረገችው።

“ጭቃውስ ለቋል፣ አለቃ” አለቻቸው። “ከኋላዎ ሰው እየጠበቀ ነው።”